ፊት የማያስፈልገው ማሽን

ሰው ጡረታ የሚወጣው በስድሳ ዓመቱ ነው ይባላል። እኔ በሃያ ስምንት ዓመቴ ወጣሁ። የሸኘኝ መሥሪያ ቤት የለም፤ ካባ ያለበሰኝም የለም። መፍቻዎቼን በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኳቸውና በሳምንቱ እዚሁ መቱ ከተማ ወፍጮ ቤት ተቀጠርኩ። ወፍጮ ቤቱን የመረጥኩት ስለሚጮህ ነው። እዚያ ስለ ኮምፒውተር የሚጠይቀኝ የለም፤ ቢጠይቀኝም አልሰማውም።

ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት በኢሉባቦር ከተሞች እየዞርን አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ስንጭን ኖርን። እኔ እንድሪስና ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ነን። ሰይድ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። ይህን የምጽፈው ናፍቆኝ አይደለም፤ ናፍቆቱ አለ፣ እሱን ለራሴ አስቀምጬዋለሁ። የምጽፈው ተናድጄ ነው። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ አጻጻፌ ሊንገዳገድ ይችላል። ሲንገዳገድ ታገሡኝ።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው ስለ ሰይድ አንድ ነገር ተናገረ። የተናገረው ውሸት ነበር። ውሸት መሆኑን የምናውቅ በሕይወት ያለን ሰዎች ሁለት ብቻ ነን፤ አንዱ ተናጋሪው፣ ሌላው እኔ። እሱ ተናገረ፣ እኔ ዝም አልኩ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አባታችን ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬ ናቸው። ሰይድ ከእኔ በአሥር ዓመት ይበልጣል፤ ጋሼ እያልኩት ነው ያደግሁት። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኮምፒውተር ተማረና መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ጥገና ጀመረ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም። ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ሰነበትኩ። አንድ ቀን መጥቶ «ተነሥ፤ ግድግዳው የትም አይሄድም» አለኝ። ሥራ የገባሁት በዚህ ነው። ማመልከቻም ፈተናም አልነበረም። ደመወዜም ከእሱ ኪስ እንደመጣለት ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

በዚያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ብዙዎቹ ከመጠን በላይ ስለሚዘገዩ ጨርቅ ለብሰው ይቀመጣሉ። ሰይድ እነሱን ነበር የሚያነሣቸው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ኖፓ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ሰይድ ሊኑክሱን ጭኖ ማሽኑን ሲያበራው ጥቁር ስክሪን መጣ፤ ግራ ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በመስኮት ሲያዩ ቆይተው «ዱኤራ» አሉ። ሞቷል ማለታቸው ነው።

«ሂንዱኔ፣ አባባ» አላቸው ሰይድ። «አልሞተም። ፊት ነው የሌለው።»

ከዚያ በኋላ በእኛ ቤት የሥራው ስም «ፊት መስጠት» ሆኖ ቀረ። ሊኑክስ ብቻውን ሲጫን ያቺን ጥቁር ስክሪን ነው የሚሰጠው። ትዕዛዙን በኪቦርድ ለሚያውቅ ሰው ይበቃል። መስኮቱ፣ ሰዓቱ፣ በማውስ የሚነኩት ሥዕል ሁሉ በላዩ የሚጫን ሌላ ነገር ነው፤ ዴስክቶፕ የሚባለው እሱ ነው። ብዙ ዓይነት አለው። ከባድ አለ፣ ቀላል አለ። የሚያምረው አብዛኛውን ጊዜ ከባዱ ነው፤ አሮጌ ማሽን ደግሞ ከባዱን አይችልም። ሰው የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ሰይድ የሚመርጠው ማሽኑን ከፍቶ የሜሞሪዋን ልክ አንብቦ ነበር።

ልማዶቹን ልጻፍ። ሰው ሲሞት ደግ ነበር፣ ሥራ ወዳድ ነበር ይባላል። ይህ ለማንም ይባላል። የሰይድ ግን እንዲህ ነበር።

ማሽን ከመንካቱ በፊት በማሽኑ የሚሠራውን ሰው ያስቀምጠዋል። ሥራህን ሥራ ይለዋል፣ ራሱ ከኋላ ቆሞ እጅ እጁን ያያል። ብዙ ጸሐፊዎች ቀኑን ሙሉ የሚከፍቱት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ደብዳቤና ሰንጠረዥ። ስለዚህ ዴስክቶፑን ጭኖ ሲያበቃ ሌላውን ሁሉ ይደብቅና እነዚያን ሁለቱን ትልልቅ አድርጎ መሐል ላይ ያስቀምጣል። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚጻፍ መሆኑን ራሱ ጽፎ ይሞክራል። ሲሞክር የሚጽፈው ሁልጊዜ የአባታችንን ስም ነበር።

ኔትወርክ አያምንም። የሚጫነውን ሁሉ ጅማ ሲሄድ አውርዶ በሃርድ ዲስክ ይዞ ይመጣል። ሃርድ ዲስኩን በአሮጌ ሻሽ ጠቅልሎ ጃኬቱ ውስጥ ደረቱ ላይ ያደርገዋል፤ ሚኒባሱ ሲነጥር በሁለት እጁ ያቅፈዋል። ተሳፋሪው ሕፃን የያዘ ይመስለው ነበር። አንዲት ሴትዮ «እናቱ የት ሄደች?» ብላው ታውቃለች።

ማሽኑ በስንት ጊዜ እንደሚነሣ የሚለካው በሰዓት አይደለም። ማብሪያውን ይጫንና በልቡ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን፣ ይቀራል። ሦስት ጊዜ ቀርቶ ሳይጨርስ ዴስክቶፑ ከመጣ እሰየው። ካልመጣ ከብዶታል ማለት ነው፤ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ እያጠፋ እንደገና ይቀራል።

ዋናው ልማዱ ግን ይህ ነው። ሊኑክስ አንድ ነገር ጫን ሲባል መጀመሪያ ዝርዝር ያወጣል። እነዚህ ይገባሉ ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ አንዳንዴ፣ እነዚህ ይወጣሉ ይላል። ከዚያ እሺ ወይስ እምቢ ብሎ ይጠይቃል። ሰይድ የሚወጡትን ዝርዝር ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንድም ስም ሳይዘል ያነባል። እኔንም ያስነብበኛል። ሁለታችንም ልጅ ሆነን ቁርኣን የቀራነው አንድ ሼህ ዘንድ ነው፤ እሳቸው ድምፅ ያልወጣለትን ፊደል እንዳላየኸው ነው የሚቆጥሩት። ሰይድ ያንን ወደ ኮምፒውተር አመጣው። «የሚገባውን ብትስት ትርፍ ዕቃ ነው» ይለኝ ነበር። «የሚወጣውን ከሳትክ ግን የሰው ንብረት ነው።»

እኔ አፍር ነበር። እውነቱን ልናገር። አስተማሪዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ እንደ ሕፃን በጣት እያስኬዱ ጮክ ብሎ ማንበብ ያሳፍረኝ ነበር። አንዳንዶቹ ይስቁ ነበር። ሰይድ የሳቁትን እንኳ አያይም።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ትምህርት ቤቱ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ስሙን አልጽፍም። የዳይሬክተሩንም ስም አልጽፍም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል።

እዚያ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ቀላሉን ዴስክቶፕ ጫንን። አሥራ ሦስተኛዋን ግን ሰይድ ለብቻዋ አደረጋት። የተማሪዎች ሁሉ ውጤት፣ የስንት ዓመት ትራንስክሪፕት፣ እሷ ላይ ነበር፤ ሌሎቹ ከእሷ እየጠየቁ ነው የሚሠሩት። እሷ ላይ ዴስክቶፕ አልጫነም። ጥቁር ስክሪን ብቻ። «ይህች ማሽን ፊት አያስፈልጋትም፤ የሚያያትም ሰው አያስፈልጋትም» አለ። ውጤቱ የሚቀዳበት ሌላ ሃርድ ዲስክ እንዲገዛ ለዳይሬክተሩ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈ። ለኮምፒውተር ክፍሉ አዲስ መጋረጃ ተገዛ። ሃርድ ዲስኩ አልተገዛም። ሰይድ በራሱ ዲስክ ሲመቸው እየቀዳ ያዘ፤ የመጨረሻውን ዓመት ግን አልደረሰበትም።

አንድ ረቡዕ ሰይድ ያዮ ሥራ ሄዶ ሳለ ዳይሬክተሩ ደወሉልኝ። በማግስቱ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። ዋናው ማሽን ጥቁር ሆኖ እንዴት ይታያል? እንግዶቹ ተበላሽቷል ይላሉ፣ እኛም እናፍራለን አሉኝ። ሰይድ እንዳይሆን እንዳለ ነገርኳቸው። ሳቁ።

«አንተ እስከ መቼ ነው የእሱን ቦርሳ የምትሸከመው?» አሉኝ። «ራስህ አትችልም ማለት ነው?»

በዚህች ቃል ሄድኩ። ሌላ ሰበብ የለኝም። ከጓደኛዬ የቀዳሁት አንድ የሚያምር ዴስክቶፕ በፍላሽ ነበረኝ። ከባዱ ነው፣ ለአዲስ ሲስተም የተሠራ ነው፤ ማሽኗ ያለችው በአሮጌው ነበር። ትዕዛዙን ጻፍኩ። ዝርዝሩ መጣ። የሚገቡት ብዙ ነበሩ። የሚወጡትም ብዙ ነበሩ፤ ከእኔ ፍላሽ ጋር የማይስማሙትን ሁሉ ሊያወጣቸው ነበር። ዳይሬክተሩ ትከሻዬ ላይ ቆመዋል። ጣቴን ወደ ስክሪኑ ላኩትና መለስኩት። በእሳቸው ፊት እንደ ቁርኣን ቤት ልጅ ማንበብ አፈርኩ። በዓይኔ ገረፍ አደረግሁትና እሺ ብዬ ተጫንኩ።

ከወጡት ውስጥ አንዱ ውጤቱን የሚይዘው ፕሮግራም ነበር። ማሽኗ ጠፍታ ስትበራ ዴስክቶፑም የለም፣ ጥቁሩም በደንብ አይሠራም። እንግዶቹ ነገ ናቸው። ውጤቱ በሌላ ዲስክ ላይ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከፍቼ አላየሁም፤ እንዲያ እንዲሆን ስለፈለግሁ ነገርኩት። ከዚያ ሲስተሙን ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ጫንኩት፤ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቼ ልጠቀም ወይ ሲለኝ አዎ አልኩ። ዲስኳ አንድ ብቻ ነበረች።

ዴስክቶፑ መጣ። ሰማያዊ ተራራ፣ ከሥሩ ሐይቅ። ዳይሬክተሩ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። በማግስቱ እንግዶቹ በአዲሱ መጋረጃ ሥር ቆመው ተራራውን አዩ፣ አደነቁ። ባዶ ማሽን ነው ያደነቁት። ዓርብ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ እትዬ ጫልቱ የአንድ ልጅ ትራንስክሪፕት ልታወጣ ብትል አንድም ስም የለም።

ሰይድ ከያዮ በቀጥታ መጣ። ማሽኗ ፊት ተቀመጠ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «አንብበኸው ነበር?»

«አንብቤያለሁ» አልኩት።

ተራራውን እያየ ራሱን ነቀነቀ። እንዳላነበብኩት ያውቅ ነበር። ምነው በጥፊ ባለኝ።

ስብሰባ ተጠራ። አስተማሪዎቹ በተሰበሰቡበት ዳይሬክተሩ ተነሥተው የልጆቹ ውጤት በጥገና ሠራተኞች ግድየለሽነት ጠፋ አሉ። ማን እንደደወለልኝ አልተናገሩም። ማን ትከሻዬ ላይ እንደቆመ አልተናገሩም። ልናገር ስነሣ ሰይድ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝና እሱ ቆመ። «ልጁን የላክሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን አዩ። የደወሉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ሰይድ በዚያ ቀን ያዮ እንደነበረም ያውቃሉ። ቀና ብለው «ይመዝገብልኝ» አሉ።

ሰይድ በራሱ ዲስክ የቀዳውን መለሰ፤ የቀረውን ከወረቀት መዝገብ እያነበበ አስገባ። ስድስት ሳምንት ተመላለሰ። የሁለት ክፍል መዝገብ ግን አልተገኘም። ከነዚያ ልጆች አንዷ ሶሬቲ የምትባል ነበረች፤ ነርስነት ልትማር ልታመለክት ወረቀቷን ከአስተማሪ አስተማሪ ስታሳድድ ቀኑ አለፈባት። ስሟን የማውቀው ሰይድ ደብተሩ ላይ ጽፎት ስላገኘሁት ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ከዚያ ትምህርት ቤት አንድ ደብዳቤ ወጥቶ በየትምህርት ቤቱ ዞረ፤ ከእነዚህ ሰዎች ጋር እንዳትሠሩ የሚል። ኖፓ ቀረ። ቡሬም ቀረ። ሰይድ ትምህርት ቤት ያልሆነ ሥራ ፍለጋ በሞተር ሳይክል ሩቅ ሩቅ ይሄድ ጀመር፤ ቡና የሚገዙ ማኅበራት ዘንድ፣ ለማተሚያ ጥገና። ወደ ያዮ በሚወስደው መንገድ፣ በክረምት፣ ሞተሩ ጭቃ ላይ ከዳው። ሃርድ ዲስኩ በሻሽ እንደተጠቀለለ ደረቱ ላይ ተገኘ። ይሠራል። እስካሁን ይሠራል።

ቀብሩ ላይ ፋቲሃ ሲባል እኔ ሳላስበው ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁ።

ዳይሬክተሩ ለቅሶ መጡ። አባታችን አጠገብ ተቀመጡ። «ሰይድ ጎበዝ ልጅ ነበር» አሉ፤ «ያቺ አንዲት ጥፋቱ ባትኖር። የስንት ልጅ ውጤት።» የተቀመጠው ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ ውኃ እየቀዳሁ ነበር። ለእሳቸውም ቀዳሁላቸው።

አባታችን ስለ ጥፋቱ ሰምተው አያውቁም ነበር። ሰይድ አልነገራቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጁምዓው፣ ልጄ ላጠፋባቸው ልጆች እያሉ ሰደቃ ያወጡ ጀመር። እኔ ሳይ ዝም አልኩ። ወፍጮ ቤቱ ስለሚጮህ ጥሩ ነበር።

ባለፈው ወር ጫማቸውን አስወልውለው ጠሩኝ።

«ወደዚያ ትምህርት ቤት ውሰደኝ» አሉ። «ሰይድ የሰው ሐቅ ይዞ ነው የተኛው። ልጆቹን፣ አስተማሪዎቹንም፣ ቆሜ አውፍ በሉልኝ እላቸዋለሁ። እኔ ካልጠየቅሁለት ማን ይጠይቅለታል?»

ሰባ ያለፋቸው ሰው ናቸው። ያላጠፋ ልጃቸውን ማሩልኝ ብለው በሰልፍ ሜዳ ላይ ሊቆሙ ነው። ነገ እንሄዳለን አልኳቸውና የሰይድን ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያን ቀን ነው፤ ነገው ግን እየተገፋ ሳምንታት ሆነ።

ደብተሩ ውስጥ የሠራቸው ማሽኖች ሁሉ አሉ፤ ሜሞሪያቸው፣ የተጫነባቸው ዴስክቶፕ፣ በስንተኛው ፋቲሃ እንደተነሡ። የዚያች ማሽን ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ዴስክቶፕ አያስፈልጋትም። ጥፋት፦ የእኔ። እንድሪስ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ነገርኩት እንጂ ለምን እንደሆነ አስረድቼው አላውቅም። ሶሬቲን ጠይቅ።»

በዳይሬክተሩ ተናድጃለሁ። በመጋረጃው ተናድጃለሁ። በዚህች ጽሑፍ የተናደድኩትን ያህል ግን በምንም አልተናደድኩም። ማን ፈቀደለት? ጥፋቴን ከእኔ ወስዶ በእጁ ጻፈው፣ ከዚያ ይዞት ሄደ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትን ለአባታችን አነበብኩላቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ጮክ ብዬ፣ በጣቴ እያስኬድኩ። እሺ ብዬ ተጫንኩ ከሚለው ላይ ስደርስ መቁጠሪያቸው ቆመ። ሲያልቅ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ጫማዬን አምጣ» አሉ።

«አባዬ፣ ሰይድ እኮ ምንም የለበትም፤ አሁን መሄድ ምን ያደርጋል?» አልኳቸው።

«ለሰይድማ ጨረስኩ» አሉ። «የምሄደው በቁሙ ላለው ልጄ ነው።»

ይህን የመጨረሻውን የጨመርኩት ከዚያ ስንመለስ ነው። ዳይሬክተሩ አባታችንን ሲያዩ ተነሥተው ወንበር ሰጡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ወረቀቱን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። የስልክ ጥሪው ላይ ስደርስ ዳይሬክተሩ ወደ በሩ አዩ። እትዬ ጫልቱ በሩን ልትዘጋ መስሎኝ ነበር፤ ወለል አድርጋ ከፈተችውና ከውጭ ቆመች። የዕረፍት ሰዓት ስለነበር አስተማሪዎቹ በረንዳው ላይ ናቸው።

«ድምፅህን ቀንስ፣ ሰው ይሰማል» አሉኝ ዳይሬክተሩ።

አባታችን በበትራቸው መሬቱን ነካ አደረጉ። ጣቴን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አስገባሁና እንደገና ጀመርኩ።